ስም የጠፋበት ካርድ፦ የአፕል ቱ ማስፋፊያ ካርዶችን ለይቶ ማወቅና መጠቀም

አፕል ቱን ለመክፈት መፍቻ አያስፈልግም። የክዳኑን የኋላ ጠርዝ በሁለት እጅ ይዘው ወደ ላይ ሳብ ሲያደርጉት ይላቀቅና ውስጡ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በግራ በኩል የፓወር ሰፕላዩ የብረት ሳጥን አለ። ወደ ፊት የሜሞሪ ቺፖች ተደርድረዋል። ከኋላ ደግሞ ስምንት ረዣዥም ስሎቶች ጎን ለጎን ተሰልፈዋል፤ እያንዳንዳቸው 50 ፒን አላቸው። ኮምፒውተሩ እ.ኤ.አ. በ1977 ለገበያ ሲቀርብ ዲስክ አልነበረውም፤ ፕሮግራም የሚቀመጠው በካሴት ነበር። ፕሪንተር የሚሰካበት ቦታ የለውም፤ በአንድ መስመር ከ40 ፊደል በላይ አያሳይም፤ የላቲን ትንንሽ ፊደላትንም አይጽፍም። የጎደለው ነገር ሁሉ በኋላ የተሟላው በእነዚያ ስምንት ስሎቶች በኩል ነው።

ስሎቶቹ ስምንት ሆነው የቀሩት በክርክር ነው። የማሽኑ ንድፍ አውጪ ስቲቭ ዎዝኒያክ ስምንት ይሁኑ ሲል፣ ባልደረባው ስቲቭ ጆብስ ለተራ ተጠቃሚ ሁለት ይበቃሉ፣ አንዱ ለፕሪንተር አንዱ ለሞደም፣ ብሎ ተከራከረ። ዎዝኒያክ አልበገር አለ፤ ማሽኑም በሚያዝያ 1977 በሳን ፍራንሲስኮው የዌስት ኮስት ኮምፒውተር ፌር ስምንት ስሎት ይዞ ለሕዝብ ታየ። ዋጋው 4 ኪሎባይት ሜሞሪ ላለው 1,298 ዶላር ነበር። በዚህ ክርክር ዎዝኒያክ ትክክል እንደነበረ የማሽኑ ዕድሜ ይመሰክራል፤ የዚህ ቤተሰብ አባል የሆነው አፕል ቱ ኢ ከምርት የወጣው በ1993 ነው። ከ16 ዓመት በላይ በገበያ ላይ የቆየው ሁሉም ሰው ካርድ ሠርቶ ሊሰካበት ይችል ስለነበር ነው።

የዚህ ክፍትነት ውጤት ዛሬ በየካርቶኑ ውስጥ ተከማችቶ ይገኛል። ካርድ ያመርት የነበረው አፕል ብቻ አልነበረም፤ በአሜሪካ ብዙ ኩባንያዎች፣ በታይዋንና በሆንግ ኮንግ ደግሞ የሌላውን ንድፍ ገልብጠው ስማቸውን ሳይጽፉ የሚሸጡ አምራቾች ነበሩ። ስለዚህ ከአሮጌ ማሽን ጋር የሚገኝ ካርድ ብዙ ጊዜ መመሪያ የለውም፣ ዲስኩ ጠፍቷል፣ የአምራቹም ስም አይታይበትም። እንዲያም ሆኖ ማንነቱ ሊታወቅ ይችላል። ቺፖቹ፣ የኬብል ማገናኛዎቹና ፕሮግራሙን በቋሚነት የያዘው ሮም ተደምረው ምን እንደሆነ ይናገራሉ። ዋናው ነገር ምርመራው ማሽኑ ከመብራቱ በፊት መጀመሩ ነው።

በዓይን መመርመር

ካርዱን በደንብ በበራ ቦታ አስቀምጦ ትልልቆቹን ቺፖች ማንበብ ይቀድማል። በእያንዳንዱ ቺፕ ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥር ይገኛል። አንዱ የቺፑ ዓይነት ነው። ሌላው አብዛኛውን ጊዜ ባለ አራት አሃዝ ሲሆን የተመረተበትን ዓመትና ሳምንት ያመለክታል፤ 8217 ከሆነ ቺፑ የወጣው በ1982 በ17ኛው ሳምንት ነው። ካርዱ በላዩ ካለው ከመጨረሻው ቺፕ ቀድሞ ሊሠራ ስለማይችል፣ የቀኖቹ ሁሉ የኋለኛው የካርዱን ዕድሜ ያጠጋጋል። በኋላ የተቀየረ ቺፕ ግን ስሌቱን ያሳስታልና አንዱ ቀን ከሌሎቹ በጣም ርቆ ከተገኘ ያን መጠርጠር ነው።

የቺፑ ዓይነት የካርዱን ሥራ ይጠቁማል። 6551 የሚል ቺፕ ያለበት የሲሪያል ካርድ ነው፤ ሞደም ወይም ፕሪንተር ያገናኛል። 6845 ከተገኘ ካርዱ በአንድ መስመር 80 ፊደል የሚያሳይ ነው፤ በ1980 አካባቢ የታወቀው የቪዴክስ ኩባንያ ቪዲዮተርም ይህን ቺፕ ይጠቀማል። 6522 የተባለው ቺፕ ኤዋይ-3 ብሎ ከሚጀምር ቺፕ ጋር አብሮ ከታየ ድምፅ ካርድ ነው፤ የስዊት ማይክሮ ሲስተምስ ሞኪንግቦርድ ወይም ቅጂው መሆኑ አይቀርም። የኡልቲማ 3 ጨዋታን ሙዚቃ በአፕል ቱ ያሰማው ይኸው ካርድ ነው። ስምንት 4116 ቺፖች ተደርድረው ከታዩ 16 ኪሎባይት ሜሞሪ ነው፤ ቁጥሩ 4164 ከሆነ እያንዳንዱ ረድፍ 64 ኪሎባይት ይሆናል። ዜድ-80 የሚል ትልቅ ፕሮሰሰር የተቀመጠበት ደግሞ የራሱ ታሪክ ያለው ካርድ ነው።

ያ ካርድ ሶፍትካርድ ይባላል፤ ያወጣው ማይክሮሶፍት ነው። አፕል ቱ በ6502 ፕሮሰሰር ስለሚሠራ በጊዜው የቢሮ ፕሮግራሞች የሚጻፉበትን ሲፒ/ኤም የተባለውን ስርዓት ማስኬድ አይችልም ነበር። ማይክሮሶፍትም ለዜድ-80 የጻፋቸውን የፕሮግራም ቋንቋዎች ለአፕል ተጠቃሚዎች መሸጥ አልቻለም። ከማይክሮሶፍት መሥራቾች አንዱ የሆነው ፖል አለን መፍትሔውን ከሶፍትዌር ውጭ ፈለገ፤ ፕሮግራሞቹን እንደገና ከመጻፍ ይልቅ ፕሮሰሰሩን ራሱን በካርድ አድርጎ መሸጥ። የመጀመሪያውን ናሙና የሠራው ቲም ፓተርሰን ነው፤ በኋላ የማይክሮሶፍት ዶስ የሆነውን ስርዓት የጻፈው ያው ሰው ማለት ነው። ካርዱ በ1980 በ349 ዶላር ወጣና በዚያ ዓመት የማይክሮሶፍት ትልቁ የገቢ ምንጭ ሆነ። የዓለም ትልቁ የሶፍትዌር ኩባንያ በአንድ ወቅት በሰው ማሽን ውስጥ በሚሰካ ቦርድ ኑሮውን መግፋቱ ስሎቶቹ ምን ያህል ሰፊ ገበያ እንደከፈቱ ያሳያል። አሠራሩም ግልጽ ነው። ካርዱ በተሰካበት ስሎት አድራሻ ላይ ሲጻፍ 6502 ቆሞ ዜድ-80 ሥራውን ይረከባል፤ እንደገና ሲጻፍ ተራው ይመለሳል።

በብዛት የሚገኘውና ከሁሉም በላይ የሚፈለገው ግን የዲስክ ካርዱ ነው። ዎዝኒያክ ይህን ንድፍ በጥር 1978 በላስ ቬጋስ ለሚካሄደው የኤሌክትሮኒክስ ትርዒት ለማድረስ ከአፕሉ ፕሮግራመር ከራንዲ ዊጊንተን ጋር ሌት ተቀን ሠርቶ አደረሰው። የሌሎች ኩባንያዎች የዲስክ መቆጣጠሪያ በቺፕ የታጨቀ ሰሌዳ ሲሆን የእሱ ስምንት ቺፕ ብቻ ነበረው፤ የቀረውን ሥራ ለሶፍትዌር ተወው። ካርዱ የሚታወቀውም በዚሁ ነው፦ አነስተኛ ቦርድ፣ ስምንት ቺፕ፣ አናቱ ላይ ለሁለት ዲስኮች የተዘጋጁ ሁለት ባለ 20 ፒን ማገናኛዎች። ከስምንቱ ሁለቱ ሮም ናቸው፤ የካርዱ ዓይነት የሚለየው በእነሱ ላይ በተጻፈው ቁጥር ነው። 341-0009 እና 341-0010 ከሆኑ ካርዱ የቀድሞው፣ በአንድ ትራክ 13 ሴክተር የሚያነበው ነው። 341-0027 እና 341-0028 ከሆኑ በ1980 ከአፕሉ ዶስ 3.3 ጋር የመጣው ባለ 16 ሴክተር ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ዲስኩ 35 ትራክ ስላለው 13 ሴክተር ወደ 114 ኪሎባይት፣ 16 ሴክተር ደግሞ 140 ኪሎባይት ይይዛል፤ በቀድሞው ሮም የሚሠራ ካርድም በአዲሱ አቀራረጽ የተጻፈ ዲስክ አያስነሳም። ዲስኬ ተበላሸ ተብሎ የሚጣለው አንዳንዴ ደህና ዲስክ ነው፤ ስህተቱ የሁለቱ ሮሞች ነው።

የስሎቱ ቁጥርና ትርጉሙ

በአፕል ቱ ካርድ ላይ አድራሻ የሚመረጥበት ጃምፐር አብዛኛውን ጊዜ የለም። አድራሻውን የሚወስነው ስሎቱ ነው። እያንዳንዱ ስሎት ለመቆጣጠሪያ 16 ባይት፣ ከስሎት 0 በቀር ለካርዱ ሮም ደግሞ 256 ባይት የተመደበለት ሲሆን ሁሉም በየተራ የሚጠቀሙበት የጋራ 2 ኪሎባይት አለ። ካርዱ ከስሎት ስሎት ሲዛወር አድራሻው አብሮት ይዛወራል። በዚያ ዘመን ከነበሩት ሌሎች ማሽኖች ጋር ሲነጻጸር ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ተጠቃሚው ማወቅ የሚኖርበት አንድ ቁጥር ብቻ ነው። በቤዚክ ቋንቋ ፒአር#6 ብሎ የጻፈ ሰው በስሎት 6 ያለውን ዲስክ አስነሳ ማለቱ ነው፤ ፒአር#1 ካለ ጽሑፉ በስሎት 1 ወዳለው ፕሪንተር ይሄዳል።

በንድፉ ግዴታ ባይኖርም ልማዱ ቶሎ ጸና፤ ፕሮግራም ጸሐፊዎችም ልማዱን ተከትለው ስለጻፉ ከሕግ አልተለየም። ፕሪንተር በ1፣ ሞደም በ2፣ ባለ 80 ፊደል ካርድ በ3፣ ማውስ ወይም ሞኪንግቦርድ ወይም ሶፍትካርድ በ4፣ ፍሎፒ ዲስክ በ6፣ ሃርድ ዲስክ በ7 ይቀመጣል። ስሎት 5 ለተረፈው ነው። ስሎት ዜሮ ያለው በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎችና በአፕል ቱ ፕላስ ላይ ብቻ ሲሆን ለሜሞሪ የተተወ ነው፤ በ1979 ከፓስካል ቋንቋ ጋር የመጣው የአፕል ላንጉዊጅ ካርድ የሚሰካው እዚያ ነው። ይህ ካርድ ከላዩ ላይ በሚወጣው ጠፍጣፋ ኬብል ይታወቃል። ከማዘርቦርዱ አንድ የሜሞሪ ቺፕ ተነቅሎ ካርዱ ላይ ይተከልና የኬብሉ ጫፍ በተነቀለው ቺፕ ቦታ ይገባል። ኬብሉ ከሌለ ካርዱ አይሠራም። አፕል ቱ ኢ ይህ ሜሞሪ አብሮት የተሠራ ስለሆነ ዜሮ ስሎትም የለውም፣ ካርዱንም አይፈልግም።

የስሎት ቅደም ተከተል በማስነሳት ላይም ለውጥ ያመጣል። ከአፕል ቱ ፕላስ ጀምሮ ማሽኑ ሲበራ ከ7 ጀምሮ ወደ 1 እየወረደ የሚነሳ ዲስክ ይፈልጋል። በ7 ሃርድ ዲስክ ካለ በ6 ያለው ፍሎፒ ተራ አይደርሰውም።

ካርዱን መጠየቅ

በዓይን ያልታወቀ ካርድ በደህና ከተሰካ በኋላ በቤዚክ ሊጠየቅ ይችላል። 256 በስሎቱ ቁጥር ተባዝቶ 49152 ሲደመርበት የሮሙ መነሻ ይገኛል፤ ለስሎት 6 መነሻው 50688 ነው። ከዚያ በፒክ ትእዛዝ ጥቂት ባይቶችን ማንበብ ይበቃል። ከመነሻው በ1፣ በ3፣ በ5 እና በ7 ርቀው ያሉት ባይቶች በቅደም ተከተል 32፣ 0፣ 3 እና 60 ከሆኑ ካርዱ የፍሎፒ ዲስክ መቆጣጠሪያ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ገጥመው የመጨረሻው 0 ከሆነ ሃርድ ዲስክን የመሰለ ስማርትፖርት የሚባል ካርድ ነው።

በ5 ርቀት 56፣ በ7 ርቀት 24፣ በ11 ርቀት ደግሞ 1 ከተነበበ ካርዱ ከፓስካል ጋር የመጣውን የካርድ መለያ ስምምነት ያከብራል ማለት ነው፤ ያኔ በ12 ርቀት ያለው ባይት የካርዱን ወገን ይናገራል። ያ ቁጥር ለ16 ሲካፈል ሙሉ ውጤቱ 3 ከሆነ የሲሪያል ወይም የፓራለል ካርድ፣ 4 ከሆነ ሞደም፣ 6 ከሆነ ሰዓት፣ 8 ከሆነ ባለ 80 ፊደል ካርድ ነው። በ1981 የወጣው የአፕል ሱፐር ሲሪያል ካርድ 49 ይመልሳል፤ የማውስ ካርዱ 32። የተንደርክሎክ ሰዓት ካርድ መለያው ሌላ ነው፤ በ0፣ በ2፣ በ4 እና በ6 ርቀት 8፣ 40፣ 88 እና 112 ይነበብበታል።

ባዶ ስሎት ሲነበብ የማይረጋ ቁጥር ይመልሳል። እንደ ሞኪንግቦርድና እንደ ሶፍትካርድ ያሉት ደግሞ በስሎቱ አድራሻ ሮም ስለሌላቸው በዚህ መንገድ ስማቸውን አይናገሩም፤ እነሱን የሚለየው ዓይን ነው። ማንነቱ ባልታወቀ ካርድ ላይ በፖክ ትእዛዝ መጻፍ ግን አይገባም፤ ሶፍትካርድ ከሆነ አንድ ጽሕፈት ብቻ 6502ን ያስቆምና ማሽኑ ይደርቃል።

መሰካትና ማሠራት

ከካርዱ በፊት የሚመረመረው ፓወር ሰፕላዩ ነው። አስቴክ የተባለው ኩባንያ በሠራቸው ሳጥኖች ውስጥ በመግቢያው መስመር ላይ ያሉት በወረቀት የተሠሩ ካፓሲተሮች ከዕድሜ ብዛት ይሰነጠቃሉ፤ ማሽኑ ከዓመታት በኋላ ሲበራ የሚያፍነው ጭስና ክፉ ሽታ አብዛኛውን ጊዜ ከእነሱ ነው። መቀየራቸው ብዙ ወጪ የለውም፤ ሳጥኑን የሚከፍተው ግን ከግድግዳ ኤሌክትሪክ ጋር መሥራት የሚችል ባለሙያ መሆን አለበት።

የካርዱ ወርቅ ቅብ ጥርሶች በአልኮል በራሰ ጥጥ ይጸዳሉ። በላጲስ ማሸት የተለመደ ቢሆንም ቅቡ ስስ ስለሆነ ያልቃል። ማሽኑ መጥፋቱ ሁለት ጊዜ መረጋገጥ አለበት፤ አፕል ቱ ኢ ማዘርቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ያለው ለዚሁ ነው። መብራቱ በርቶ እያለ ካርድ የሚነቅል ወይም የሚሰካ ሰው ካርዱንም ማሽኑንም ያጣል። እጅ ካርዱን ከመንካቱ በፊት የፓወር ሰፕላዩን ብረት ቢነካ በሰውነት ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ይወርዳል። ከኪቦርዱ ፊት ተቀምጦ ሲታይ ቺፖቹ ወደ ቀኝ፣ ማለትም ከፓወር ሰፕላዩ ተቃራኒ፣ መዞር አለባቸው። ካርዱ ተገልብጦ ከገባ 5 ቮልት የሚጠብቀው ፒን 12 ቮልት ካለበት ጋር ይገጥማል፤ ከዚያ የሚተርፍ ቺፕ ጥቂት ነው።

የዲስኩ ኬብል የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። ባለ 20 ፒኑ ማገናኛ ብዙ ጊዜ ተሳስቶ እንዳይገባ የሚከለክል ምልክት የለውም፤ አንድ ረድፍ ፒን ወደ ጎን ተንሸራቶ ከተሰካ በዲስኩ ቦርድ ላይ ያለው 74ኤልኤስ125 የተባለ ቺፕ ይቃጠላል። ቺፑ ርካሽ ነው፣ ይቀየራልም፤ ይሁንና ከመሰካት በፊት ጫፍ ለጫፍ የሁለቱን መስመር ፒኖች በዓይን መቁጠር ይሻላል።

አፕል ለሁሉም ካርዶች በአንድነት የፈቀደው በ5 ቮልት መስመር 500 ሚሊ አምፔር፣ በ12 ቮልት 250 ሚሊ አምፔር ነበር። ሰባት ስሎት ሙሉ ካርድ ይህን ገደብ በቀላሉ ያልፋል። ትልቅ ሜሞሪ የያዙና ፍጥነት የሚጨምሩ ካርዶች ኃይል ይበላሉ፤ በ1986 የወጣው የአፕላይድ ኢንጂነሪንግ ትራንስዋርፕ ከ1 ሜጋኸርትዝ ጥቂት በላይ ይሮጥ የነበረውን ማሽን ወደ 3.6 ያወጣዋል፣ ሙቀቱም በዚያው ልክ ነው። ስለዚህ የማያስፈልገውን ካርድ ነቅሎ ማስቀመጥ ከሁሉ የተሻለ ማቀዝቀዣ ነው።

በአፕል ቱ ኢ ላይ ስሎት 3 ብዙ ሰው ያደናግራል። ይህ ሞዴል ባለ 60 ፒን ረዳት ስሎት አለው፤ የአፕል ባለ 80 ፊደል ካርድ የሚገባው እዚያ ነው። ያ ካርድ ካለ ማሽኑ የስሎት 3ን ሮም በራሱ ሮም ይተካዋል፤ ስለዚህ በስሎት 3 የተሰካ ሌላ ካርድ ሮሙ አይታይም። የተስፋፋው ባለ 80 ፊደል ካርድ በተጨማሪ 64 ኪሎባይት ይዞ ጠቅላላውን 128 ያደርሰዋል፤ ድርብ ጥራት ያለው ሥዕል ለማሳየትም አንድ ጃምፐር አለው። በመጀመሪያዎቹ፣ ሪቪዥን ኤ በተባሉት ማዘርቦርዶች ላይ ግን ያ ጃምፐር ከተዘጋ ማሽኑ አይነሳም። ካርዱ ሞተ ከማለት በፊት ጃምፐሩን ማየት ነው።

በሱፐር ሲሪያል ካርድ መካከል ሦስት ማዕዘን ቀስት የተሳለበት ተነቃይ ቁራጭ አለ። ቀስቱ ሞደም ወደሚለው ጽሑፍ ከዞረ ካርዱ ሞደም ያናግራል፤ ተርሚናል ወደሚለው ከዞረ ፕሪንተር ወይም ሌላ ኮምፒውተር። ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር ፋይል ለመለዋወጥ የሚፈልግ ቀስቱን ወደ ተርሚናል አዙሮ ፍጥነቱን በትንንሾቹ ማብሪያ ማጥፊያዎች መወሰን አለበት፤ እስከ 19,200 ቦድ ይደርሳል። ባለ 80 ፊደሉ ቪዲዮተርም ደግሞ ሥዕሉን የሚያወጣው በራሱ መስመር ነው። ሞኒተሩ ከማሽኑ ጋር እንደተያያዘ ከቀረ ባለ 80 ፊደሉ ጽሑፍ አይታይም፤ ገመዱ ወደ ካርዱ መዛወር አለበት።

የሰዓት ካርዶች ቅድሚያ የሚሰጣቸው ባትሪ ስላላቸው ነው። አሮጌ ባትሪ ኬሚካል ያፈስና የቦርዱን መስመሮች ይበላል፤ ካርዱ ባይፈለግ እንኳ ባትሪው ዛሬውኑ ይውጣ። ተንደርክሎክ ዓመትን አይቆጥርም፤ ፕሮዶስ የተባለው የአፕል የዲስክ ስርዓት ዓመቱን ከወሩ፣ ከቀኑና ከሳምንቱ ቀን ተነስቶ በውስጡ ካለ ሰንጠረዥ ይገምታል፤ ሰንጠረዡም የሚያገለግለው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። የተሳሳተ ዓመት የሚያሳይ ካርድ ስለዚህ አልተበላሸም፤ ሶፍትዌሩ መታደስ ይፈልጋል።

ለእነዚህ ስሎቶች ዛሬም አዲስ ካርድ ይሠራል። ፍሎፒና ሃርድ ዲስክን በሜሞሪ ካርድ የሚተኩ አሉ፤ ኡተርኔት የተባለው ደግሞ የ1977ቱን ንድፍ ከኢንተርኔት ጋር ያገናኛል። የድሮዎቹ ካርዶች ሮም ግን ሌላ ችግር አለው። ከላዩ የመስታወት መስኮት ያለው ኢፕሮም የያዘው ጽሑፍ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ሊደበዝዝ ይችላል፤ ብርሃን ደግሞ ያፋጥነዋል። ያልታወቀ ካርድ በእጁ የገባ ሁሉ መስኮቱን ብርሃን በማያስተላልፍ ወረቀት ይሸፍን፣ የካርዱን ሁለቱንም ገጽ ፎቶግራፍ ያንሳ፣ የሮሙን ቅጂ አንብቦ በፋይል ያስቀምጥ። ከዚያም ስሙንና የሠራበትን የስሎት ቁጥር ጽፎ ከካርዱ ጋር ይሰር፤ ቀጥሎ የሚያገኘው ሰው ምርመራውን ከዜሮ እንዳይጀምር።